ንቀት እንዴት ይወረሳል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ በኩል የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ቦንጋ የሚገባ መንገደኛ አስቀድሞ የሚቀበለው ደኑ ነው፤ ቀጥሎ የሚቀርብለት ቡና ነው። የካፋ ሰው ቡናውን ብቻውን መጠጣት አይወድም። ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤት ካልተገኘ መንገደኛ ይጠራል፤ እንግዳውም ከሦስተኛው ሳይቀምስ እንዲነሣ አይፈቀድለትም። ስለዚህ በዚያ አገር ቤት ተቀምጦ ከሲኒው የቀመሰ ሰው የካፋን ሰው ደግነት ቢመሰክር አልተሳሳተም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደዚያ ሄጄ በአንድ ወዳጄ ቤት ባረፍሁ ጊዜ ይኸንኑ መስክሬአለሁ። ዳሩ ግን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር አየሁ፤ እርሱን ሳልነግር ምስክርነቴን ብቻ ብነግር እውነቱን ግማሽ አድርጌ መተዌ ነው።

ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ውጭ ውሻ ጮኸ። የቤቱ እመቤት ዕድሜው ከአምስት ዓመት የማይበልጠውን ልጅዋን፣ «እስቲ እይ፤ ሰው መጣ እንዴ?» ብላ ላከችው። ልጁ እስከ ደጃፉ ሮጠና ተመልሶ፣ «ሰው አይደለም፤ ማንጆ ነው» አላት። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተቆጣውም። ውሻው መጮኹን ሲያቆም ቡናውም መቀዳቱን ቀጠለ።

የመጣው ጠጉሩ የሸበተ ሽማግሌ ነበረ፤ አንድ ጆንያ ከሰል ተሸክሟል። እመቤቲቱ ወጥታ ዋጋውን ሳትከራከር ከፈለችው። ዝናብ ስለ ነበረ ደግሞ አዘነችለትና፣ «ቡና ጠጣና ሂድ» አለችው። በዚህ ጊዜ ልጁ ማንም ሳያዘው ወደ ጓሮ ሮጠ፤ ከአጥሩ ሥር ተደፍቶ የነበረ እጀታው የተሰበረ ኩባያ ይዞ መጣ። ሽማግሌው ከክፈፉ ሥር ቆሞ ጠጣ፤ ኩባያውን በዝናቡ ውኃ ራሱ አለቀለቀውና ራሱ ወስዶ ከአጥሩ ሥር ደፋው። ከረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒዎች ነበሩ፤ እኛ አራት ነበርን።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም አላደረግሁም። ሦስተኛውን ጠጥቼ አመስግኜ ተነሣሁ። ይኸን የምጽፈውም የቤቱን እመቤት ለመክሰስ አይደለም። ደግ ሴት ናት፤ የተጠየቀችውን ከፍላለች፤ በዝናብ ለቆመ ሰው ራርታለች። ነገሩ የሚከብደውም በዚሁ ነው። በጭካኔ የሚደረግ በደል ቢሆን ኖሮ ጨካኙን ይዞ መቅጣት በተቻለ ነበር፤ ይህኛው ግን ከርኅራኄ ጋር በአንድ ቤት ያድራል። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀኝ ልጁ ነው። ያን ኩባያ የት እንደሚያገኘው ማን አስተማረው? እናቱ አስቀምጣ «ልጄ ሆይ፣ ማንጆን ናቅ» እንዳላለችው እርግጠኛ ነኝ። እንዲህ ያለ ትምህርት ቃል አያስፈልገውም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ይገባል። ማንጆ የሚባሉት ሰዎች በካፋ ምድር ከጎማሮው፣ ማለት ከብዙኃኑ የካፋ ሰው ጋር ከጥንት ጀምረው አብረው የኖሩ ናቸው። እንዲያውም በአገሩ ቀድመው የነበሩት እነርሱ ናቸው የሚል ትውፊት አለ። የሚናገሩት ያንኑ ካፊ ኖኖን ነው። በቀድሞው ዘመን ኑሮአቸው በአደን ነበረ፤ አደኑ እየቀረ ሲሄድ የማገዶ እንጨትና ከሰል መሸጥ ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። የካፋ ንጉሥ በዙፋኑ በነበረበት ጊዜ አገሩ በጉድጓድና በአጥር ተከቦ በየበሩ ዘብ ይቆም ነበረ፤ እነዚያንም በሮች ከሚጠብቁት መካከል ማንጆዎች እንደ ነበሩበት፣ እ.ኤ.አ. በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ አገሩን ያየው ኦስትሪያዊ ፍሪድሪኽ ቢበር ጽፏል። እንግዲህ የመንግሥቱን በር እንዲጠብቅ የታመነ ሰው በጎረቤቱ በር እንዲገባ አልታመነም ማለት ነው። ስሙም ያስደንቃል፤ የነገሥታቱ ጎሣ ሚንጆ ይባላል፣ የተናቁት ማንጆ ይባላሉ። በፊደል ገበታችን ላይ ከሣልሱ እስከ ራብዑ አንድ ጣት ማንቀሳቀስ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ማንጆው ጎማሮውን በመንገድ ሲያገኘው ከመንገዱ ወርዶ ቆሞ ያሳልፈው ነበር። ሰላምታው ወደ አማርኛ ሲመለስ «እኔ ልሙትልህ» እንደ ማለት ነው። ከቤት አይገባም፤ ምግብ ቢሰጠው በእንሰት ቅጠል ላይ ነው፤ ጋብቻ አይታሰብም፤ መቃብሩም ለየብቻ ነው። በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ የካፋ መንግሥት ወደቀ። የካፋ ሰው በበኩሉ በአዲስ ጌታ ሥር ገባ፤ መሬቱ ተወሰደ፣ ሕዝቡም ብዙ መከራ አየ። የሚያሳዝነው ግን ጎማሮው ራሱ ተዋርዶ ሳለ ከበታቹ ያለውን ማንጆ ከነበረበት አላነሣውም። ይህ የካፋ ሰው ነውር ብቻ አይደለም፤ የተገፋ ሰው የሚገፋው ሲፈልግ በየአገሩ የሚታይ ነው። ዛሬም ቢሆን የካፋ ልጅ ወደ ከተማ መጥቶ በአነጋገሩ ሲሳቅበት እንዴት እንደሚያንገበግበው አውቃለሁ። ማታ ይኸን የነገረኝ ጓደኛ ጧት ከሰል ሻጩን «አንተ» ብሎ ሲጠራ ሰምቼዋለሁ።

በሕግ በኩል የጎደለ የለም። የባሪያ ንግድና ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተከለከለ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለአራሹ ሁሉ ያለ ልዩነት የመሬት መብት ሰጠ፤ ማንጆውም ከሌላው ጋር በቀበሌው ገበሬ ማኅበር የመቀመጥ ሥልጣን አገኘ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ25ኛው አንቀጽ ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በዘር ወይም በትውልድ ወይም በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ሊደረግ እንደማይገባ ይናገራል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቶ ቦንጋ ከክልሉ መቀመጫ ከተሞች አንዷ ስትሆን ቢሮዎቹ በተማሩ ወጣቶች ተሞሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አንድም አንቀጽ ስለ ኩባያ አይናገርም፤ ሊናገርም አይችልም።

ነገሩ ትንሽ የሚመስለው አንባቢ ካለ በ1994 ዓ.ም. በዴቻ ወረዳ የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ጊዜ ማንጆዎች በጎረቤቶቻቸው ላይ ተነሥተው ደም ፈሰሰ። መግደል መግደል ነው፤ የሚያጸድቀው ነገር የለም፤ የሞቱትም ኩባያውን ያስቀመጡት ሰዎች ናቸው ብሎ መናገር አይቻልም። ይሁን እንጂ ሳዩሪ ዮሺዳ የተባሉት ጃፓናዊት ተመራማሪ ወደ ሥፍራው ሄደው የግጭቱን ሥር ሲመረምሩ የደረሱበት ያው የዕለት ተዕለት መገለል ነበር። ሠላሳና አርባ ዓመት ከደጅ የቆመ ሰው በልቡ ምን ሲቆጥር እንደ ኖረ ከውስጥ የተቀመጠው አያውቅም።

ስለ ምን እንደሚለዩአቸው ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የተሰጠኝ መልስ የምግቡ ነገር ነው፤ ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ይባላል። እሺ፤ አባቶቻቸው አዳኞች ስለ ነበሩ ይበሉ ነበር። ይሁን እንጂ ከእነርሱ ብዙዎቹ ተጠምቀው፣ የተከለከለውን ትተው፣ ከሌላው ምእመን ጋር ይጾማሉ። ኩባያው ግን ከአጥሩ ሥር አልተነሣም። ምክንያቱ ምግቡ ቢሆን ኖሮ ምግቡ ሲቀር ንቀቱም በቀረ ነበር። ሌላው የሚሰጠው መልስ ንጽሕና ነው። ከሰል የሚያከስል ሰው እጁ ይጠቁራል፤ ይህ እርግጥ ነው። ዳሩ ግን ያን ቀን ቡናችን የፈላው በምን ነበር? ከሰሉ እስከ ጓዳው ገብቷል፤ በጀበናው ሥር ፍም ሆኖ እኛን አሙቆናል፤ ያመጣው ሰው ነው ከውጭ የቀረው። ሦስተኛው መልስ «መልካቸው ይታወቃል» የሚል ነው። ወዳጄም ይኸንኑ ነገረኝ። እኔም በማግስቱ ገበያ መካከል ይዤው ቆሜ፣ «እስቲ ከእነዚያ አምስት ሰዎች የትኛው ማንጆ ነው?» አልሁት። ብዙ ጊዜ አየ። «ጆንያ የተሸከመው» አለኝ። ጆንያውን ቢያወርድስ? ብለው ዝም አለ።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ንቀት ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው በምንድር ነው? እኔ እንደ ተመለከትሁት ከሁሉ ይልቅ በአነጋገር ነው። እኛ አማርኛ የምንናገር ሰዎች «አንተ» እና «እርስዎ» የሚል መለያ አለን። ልጅ ለሽማግሌ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» እንዲል በጥፊ ጭምር ይማራል፤ የሰፈሩን ዘበኛ ሳይቀር «አባባ» ይላል። ያ የአምስት ዓመት ልጅ ግን ሽበታሙን ከሰል ሻጭ «አንተ» ሲለው እናቱ አላረመችውም። አለመታረሙ ትምህርት ሆነው። አንድ ሰው ከአክብሮት ወግ ውጭ መሆኑን ልጅ የሚያውቀው ወጉ በፈረሰ ጊዜ ማንም ባለመደንገጡ ነው። ተረቱም፣ ቀልዱም፣ ስድቡም ይከተላሉ። ትምህርት ቤት ሲገባ ከማንጆ ልጅ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣል፤ መምህሩ እኩል ናችሁ ይለዋል፤ እርሱም በፈተና ላይ «እኩል ነን» ብሎ ጽፎ ዐሥር ከዐሥር ያገኛል። የተጣሉ ቀን ግን የሚወረውረው ቃል ከቤቱ ያመጣውን ነው። የማንጆውም ልጅ በበኩሉ ከቤቱ የተማረው አለ፤ ከደጅ መቆምን፣ ኩባያውን አለቅልቆ ወደ ቦታው መመለስን ተምሯል። ብዙዎቹ ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ደኑ የሚመለሱት በድህነት ብቻ አይደለም።

በኋላ ሁለቱም ያድጋሉ። አንዱ ዲፕሎማውን ይዞ ቢሮ ይገባል። «እኔ እንኳ ዘረኛ አይደለሁም» ይላል፤ እውነቱን ነው የሚመስለው። ነገር ግን ከተሰለፈው ሕዝብ መካከል አንዱን «ጋሼ፣ ምን ልርዳዎ?» ሌላውን «አንተ፣ ምንድን ነው?» ሲለው ለራሱ አይሰማውም። እኅቱ ለጋብቻ ስትጠየቅ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሥቶ ወደ ጓዳ ይሄድና፣ «ዘሩ ተጣርቷል?» ብሎ በሹክሹክታ ይጠይቃል። የቀለም ትምህርት በአደባባይ የሚናገረውን እንጂ በጓዳ የሚያንሾካሹከውን አልለወጠለትም።

ይኸን የሚያነብ የሰሜን ሰው «ካፋዎች ምንኛ ኋላ ቀር ናቸው» ብሎ እንዳይታበይ አንድ ነገር ላስታውሰው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ ያስነገሩት ለካፋ ብቻ አልነበረም። ቀጥቃጩን ቡዳ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ ብሎ የሰደበው የደጋው ሰው ነው። በጣና ዳር ወይጦው ጉማሬ ይበላል ተብሎ ምን ያህል ዘመን እንደ ተገለለ የባሕር ዳር ሰው ያውቃል። በጉራጌ ፉጋው፣ በወላይታና በዳውሮ ሸክላ ሠሪው ያንኑ ታሪክ በሌላ ስም ይተርካሉ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ። ዛሬ በከተማችን የብረታ ብረት መሐንዲስ እንዲባል የሚወድ ወጣት ብዙ ነው፤ አያቱ ቀጥቃጭ መሆናቸውን ግን ለእጮኛው አይነግራትም።

ደግሞ በዓለም ፊት ስንቆም ምን እንደምንናገር እናስተውል። በ1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በሔግ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሰች፤ ነገሩ በዛሬይቱ ናሚቢያ ላይ ስለሚደረገው የዘር አገዛዝ ነበር። ክርክሩ ስድስት ዓመት ያህል ፈጀ፤ በ1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈለና በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ክሱ ሳይታይ ውድቅ ሆነ። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ የነበረው ቁጣ ትክክል ነበረ። ጥቁሩ ሰው ነጩ በሚገባበት በር አይግባ፣ በሚጠጣበት አይጠጣ ማለት ዓለም ሁሉ ሊያፍርበት የሚገባ ነገር ነበረና። ነገር ግን የእኛ ጠበቆች በሔግ ይኸን ሲከራከሩ በቦንጋ አካባቢ ኩባያው ከአጥሩ ሥር ተደፍቶ ነበር። የዘር አድልዎን ሁሉ ለማስወገድ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1976 የገባችበት፣ የሚከለክለው በቆዳ ቀለም የሚደረገውን ብቻ አይደለም፤ የትውልድ ሐረግንም ስም ጠርቶ ይጨምራል። «የእኛ ጉዳይ የቀለም አይደለምና ዘረኝነት አይባልም» የሚለው መልስ ስለዚህ አያዋጣም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ፣ «ዘመናዊነት ሲመጣ ይህ ሁሉ በራሱ ይጠፋል፤ መንገዱ ተሠርቷል፣ ዩኒቨርሲቲው ተከፍቷል፣ ምን ያስቸኩላል?» ይላል። እኔም እንዲህ አስብ ነበር። የጃፓንን ነገር ካነበብሁ በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥሁ። በጃፓን ቆዳ በመሥራትና ከብት በማረድ ምክንያት የተገለሉ፣ ዛሬ ቡራኩ የሚባሉ ሰዎች አሉ። በመልክም በቋንቋም ከሌላው ጃፓናዊ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ1871 መንግሥት እኩልነታቸውን በአዋጅ ነገረ። ከዚያ ወዲህ ጃፓን ባቡር ሠራች፣ መርከብ ሠራች፣ በፋብሪካ ዓለምን ቀደመች። ከአዋጁ መቶ አራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ የቡራኩ መንደሮች አድራሻ የተመዘገበበት መጽሐፍ በድብቅ እየታተመ ለትልልቅ ኩባንያዎች ሲሸጥ ተገኘ። ኩባንያዎቹ የገዙት ሥራ ለመቀጠር የሚያመለክተው ወጣት ከየት እንደ ሆነ ለማጣራት ነው። ባቡሩና ፋብሪካው ንቀቱን አላጠፉትም፤ ማተሚያ ቤት አገኙለት እንጂ። የእኛም ወጣት በእጁ በያዘው ስልክ የሚልከውን ቀልድ አንድ ጊዜ መርምሮ ቢያነበው መልካም ነው።

ታዲያ የሚለወጥ ነገር የለም ማለት አይደለም። በቦንጋ አካባቢ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት ደኑን ነዋሪው ራሱ እንዲጠብቀውና እንዲጠቀምበት ማኅበራት ሲያቋቁም ማንጆዎችን አስገብቶአል። በሌላ አኳኋንም ሊሆን አይችልም ነበር፤ ከእነርሱ ይልቅ ደኑን የሚያውቅ የለምና። በ2002 ዓ.ም. የካፋ ደን በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያደነቀው ያ ዛፍና ያ የጫካ ቡና፣ ከጥንት ጀምሮ ከእነርሱ ጋር የኖረ ነው። በማኅበር ስብሰባ ላይ አባሉ እጁን ሲያወጣ ድምፁ እንደ ሌላው አንድ ተብሎ ይቆጠራል። የስብሰባው ወንበር ያን ቀን አንድ ነው። ከስብሰባው በኋላ ቡናው በየት እንደሚጠጣ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም አብሮ መቀመጥ ከአዋጅ ይልቅ የሚሠራው ሥራ እንዳለ ይመስለኛል። ለመንግሥት ሠራተኛውም የሚቀርበው ይኸው ነው። ስብሰባ ሲጠራ ማን ከኋላ ቆሞ እንደ ቀረ ቢያይ፣ ባለጉዳይን ሁሉ በአንድ ተውላጠ ስም ቢጠራ፣ የቢሮው ሻይ በአንድ ዐይነት ብርጭቆ ለሁሉም እንዲቀርብ ቢያዝ፣ ለዚህ በጀት አያስፈልገውም፤ የበላይም ፈቃድ አያስፈልገውም። ከሁሉም በፊት ደግሞ በገዛ ቤቱ።

ከቦንጋ ከመመለሴ በፊት በነበረችው ማታ ለወዳጄ የታየኝን ሁሉ ነገርሁት። በመጀመሪያ ተቆጣ፤ «አንተ እንግዳ ነህ፣ አይገባህም» አለኝ። ቀጥሎ ዝም አለ፤ ከዚያም ስለ ልጁ ሲሰማ አንገቱን አቀረቀረ። በማግስቱ ጧት እቃዬን ሳስር ሽማግሌው ሌላ ጆንያ ይዞ መጣ። ወዳጄ ተነሥቶ እስከ ደጃፉ ሄደና፣ «ይግቡ አባባ፣ ቡና ደርሷል» አለው። ሽማግሌው ከኋላው ሰው የመጣ መስሎት ዞሮ አየ። ማንም አልነበረም። እንደ ገና «እርስዎን ነው፣ ይግቡ» ሲለው ፊቱ በፍርሃት ተለወጠ፤ የሚቀጡት ወይም የሚያላግጡበት መሰለው። ጆንያውን በሩ ላይ አውርዶ፣ «ገንዘቡን ሌላ ቀን» አለና ፈጥኖ ሄደ። ልጁ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ሆኖ አባቱንና ሽማግሌውን ተራ በተራ ይመለከት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ «አባዬ፣ ለምን ‹እርስዎ› አልኸው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ መኪናው ስለ ደረሰብኝ መልሱን ሳልሰማ ወጣሁ።